ዣን ባፕቲስት ቢዮ እና የሽቦ ክፋይ መግነጢሳዊ መስክ፦ የአንድ ሕግ አወላለድና እርማት

መግቢያ

የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያልፍበት የሽቦ ክፋይ በዙሪያው የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ መስክ ማስላት ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ የዩኒቨርሲቲ ዓመታት የሚገጥመው ሥራ ነው። ስሌቱ የሚመራበት ደንብ የቢዮና የሳቫር ሕግ ተብሎ ይታወቃል። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሕጉ በአንድ መስመር ተጽፎ ይቀርብና ወዲያው ወደ ምሳሌዎች ይታለፋል። ሆኖም ሕጉ የሚናገርለትን ነገር፣ ማለትም ከቀሪው የኤሌክትሪክ ዑደት ተነጥሎ ብቻውን የቆመ የጅረት ክፋይን፣ ሁለቱ ባለስሞች በቤተ ሙከራቸው አላዩትም፤ ሊያዩትም አይችሉም ነበር። ቋሚ ጅረት የሚፈሰው በተዘጋ ዑደት ውስጥ ብቻ ነውና። ታዲያ የማይታየው ክፋይ ሕግ ከሚታየው ሙሉ ሽቦ እንዴት ተገኘ? የልኬቱ ድርሻ የት ላይ አብቅቶ የሒሳቡ ድርሻ የት ላይ ጀመረ? ይህ ጽሑፍ የዣን ባፕቲስት ቢዮን ሕይወት (1774–1862) በነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ ይቃኛል። የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከአብዮቱ እስከ ላፕላስ ደጃፍ

ቢዮ ኤፕሪል 21 ቀን 1774 በፓሪስ ተወለደ። ትምህርቱን በሉዊ ለ ግራንድ ኮሌጅ ከተከታተለ በኋላ የፈረንሳይ አብዮት ባስነሣው ጦርነት በመድፈኛ ክፍል ውስጥ ተሰልፎ በ1793 በሰሜኑ ግንባር በኦንድስኮት ውጊያ ተካፈለ። ከጦሩ ሲመለስ በ1794 አዲስ ወደ ተቋቋመው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆኖ ገባ። በኦክቶበር 1795 ንጉሣውያኑ በፓሪስ ባነሡት ዐመፅ ውስጥ ተገኝቶ በመታሰሩ የትምህርት ዘመኑ ሊቋረጥ ተቃርቦ ነበር፤ ከእስር ያስፈታው መምህሩ የጂኦሜትሪ ሊቁ ጋስፓር ሞንዥ ነው።

በ1797 በቦቬ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ በዚያው ዓመትም ጋብሪኤል ብሪሶንን አገባ። ባለቤቱ ጀርመንኛ ታውቅ ስለ ነበር፣ የጀርመናዊውን የፊሸርን የፊዚክስ መማሪያ ወደ ፈረንሳይኛ የተረጎመችው እርሷ ናት። መጽሐፉ በ1806 ቢዮ ባከለባቸው ማብራሪያዎች ታጅቦ ታተመ።

የቢዮን የሳይንስ ጎዳና የወሰነው ግን ከፒየር ሲሞን ላፕላስ ጋር የመሠረተው ግንኙነት ነው። ገና በክፍለ ሀገር ወጣት መምህር ሳለ፣ ላፕላስ ስለ ሰማያዊ አካላት እንቅስቃሴ የሚያዘጋጀውን ታላቅ ሥራ የኅትመት ረቂቅ እያነበበ እንዲያርም ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ረቂቁን ሲያነብ ደራሲው በቀላሉ ይታያል ብሎ ያለፋቸውን ቦታዎች እያነሣ ማብራሪያ ይጠይቅ ነበር፤ ላፕላስም አንዳንዴ የራሱን ስሌት መልሶ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይወስድበት ነበር። ቢዮ ሌዎናርድ ኦይለር የነካቸውን የአንድ ዓይነት ቀመሮች መፍትሔ ባገኘ ጊዜም ላፕላስ ሥራውን በአካዳሚው ፊት እንዲያቀርብ አበረታታው። ከአቀራረቡ በኋላ ወደ ቤቱ ወስዶ ከቁም ሣጥን ውስጥ በዕድሜ ብዛት የገረጡ ወረቀቶችን አወጣለት፤ ያው መፍትሔ ቀድሞ ተሠርቶ ተቀምጦ ነበር። ላፕላስ ይህን ለማንም እንዳይናገር አደራ አለው። ቢዮ አደራውን ጠብቆ ታሪኩን ይፋ ያደረገው ከግማሽ ምእተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ይህ ባለውለታነት በ1820 ለተፈጸመው ነገር መረጃ ሰጪ ስለሆነ ሊዘነጋ አይገባም።

ማወዛወዝና መቁጠር

ቢዮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በኮሌዥ ደ ፍራንስ የፊዚክስ መምህርነት ወንበር አገኘ፤ በ1803 የሳይንስ አካዳሚው አባል ሆነ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 26 ቀን በኖርማንዲ በሌግል ከተማ አካባቢ በሺህ የሚቆጠሩ ድንጋዮች ከሰማይ ወደቁ። መንግሥት ጉዳዩን እንዲያጣራ ቢዮን ላከው። ቢዮ ከመንደር መንደር እየተዘዋወረ የዓይን ምስክሮችን ቃል አሰባሰበ፤ ድንጋዮቹ የወደቁበትን ስፍራ በካርታ ላይ አሰፈረ፤ የአካባቢው ዐለት ከነርሱ የተለየ መሆኑንም አረጋገጠ። ዘገባው ከጠፈር ድንጋይ ሊወድቅ እንደሚችል ይጠራጠሩ የነበሩትን ሊቃውንት አብዛኞቹን አሳመነ።

ኦገስት 24 ቀን 1804 ቢዮ ከጌ ሉሳክ ጋር በፊኛ ተሳፍሮ ወደ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወጣ። ዋናው ጥያቄ የምድር መግነጢሳዊ ኃይል ከፍታ ሲጨምር ይደክማል ወይስ አይደክምም የሚል ነበር። የመለኪያ ዘዴው ቀላል ነው፦ በክር የተንጠለጠለ መግነጢሳዊ መርፌ ከዕረፍት ቦታው ትንሽ ዞር ተደርጎ ሲለቀቅ ይወዛወዛል፤ ኃይሉ በበረታ ቁጥር ውዝዋዜው ይፈጥናል። የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ ካሬ ከኃይሉ ጋር በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል። ስለዚህ ኃይልን መለካት ወደ ቆጠራና ወደ ሰዓት ንባብ ይለወጣል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በደረሱበት ከፍታ ሊስተዋል የሚችል ለውጥ አላገኙም። ቻርልስ ኦገስቲን ኩሎም ካስተማረው ከዚህ ዘዴ ጋር ቢዮ በዚህ ሁኔታ ተዋወቀ፤ ከ16 ዓመት በኋላም በሽቦ አጠገብ ያዋለው ይኸንኑ ዘዴ ነው።

በመካከሉ ያሉት ዓመታት በሥራ የተሞሉ ነበሩ። በ1806 ከወጣቱ ፍራንሷ አራጎ ጋር የፓሪስን የኬንትሮስ ቅስት ልኬት ለማራዘም ወደ ስፔን ተጓዘ። በ1815 እንደ ተርፔንቲን ያሉ ፈሳሾች ፖላራይዝ የሆነን ብርሃን የንዝረት ገጽ እንደሚያዞሩ ደረሰበት። በ1816 ባለ አራት ቅጽ የፊዚክስ መጽሐፉን አሳተመ። በ1817 በፔንዱለም የስበትን መጠን ለመለካት እስከ ሼትላንድ ደሴቶች ዘለቀ።

የ1820 መጸው

በጁላይ 1820 የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ጅረት የሚያልፍበት ሽቦ መግነጢሳዊ መርፌን እንደሚያዞር በአጭር ጽሑፍ አሳወቀ። ዜናው በሴፕቴምበር መጀመሪያ በአራጎ አማካይነት ወደ ፓሪስ ደረሰ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን አራጎ ሙከራውን በአካዳሚው ፊት ደግሞ አሳየ። አንድሬ ማሪ አምፔር ሴፕቴምበር 18 የመጀመሪያ ሐሳቦቹን አቀረበ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሁለት ትይዩ ሽቦዎች ጅረታቸው በአንድ አቅጣጫ ሲፈስ እንደሚሳሳቡ አስታወቀ።

ግኝቱ ለላፕላስ ተከታዮች ምቾት የሚሰጥ አልነበረም። በእነርሱ እምነት የተፈጥሮ ኃይሎች ሁሉ ሁለት ቅንጣቶችን በሚያገናኝ ቀጥታ መስመር ላይ የሚሠሩ፣ ርቀት ሲጨምር የሚደክሙ ስበቶችና ግፊቶች ናቸው። የኧርስቴድ መርፌ ግን ወደ ሽቦው አልተሳበም፤ ከሽቦውም አልተገፋም፤ ወደ ጎን ዞረ እንጂ። ቢዮ ጉዳዩን በልኬት ለመያዝ ፌሊክስ ሳቫርን አጋር አደረገ። ሳቫር በ1791 የተወለደ ሐኪም ሲሆን፣ ከስትራስቡርግ ወደ ፓሪስ የመጣው ስለ ቫዮሊን አሠራርና ድምፅ ባደረገው ጥናት ምክንያት ነበር፤ በፓሪስ የማስተማር ሥራ እንዲያገኝም የረዳው ቢዮ ነው።

ሁለቱ አንድ ረጅም ሽቦ ሽቅብ ዘርግተው በአጠገቡ አንዲት ትንሽ መግነጢሳዊ መርፌ በሐር ክር አንጠለጠሉ። የአየር ነፋሻ እንዳያናውጣት በመስተዋት ከለሏት፤ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ደግሞ በሌላ መግነጢስ አከሸፉት። ከዚያም ርቀቱን እየለዋወጡ የመርፌዋን ውዝዋዜ ቆጠሩ። ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ የውዝዋዜው ጊዜ በእጥፍ አላደገም፤ በ2 ዳግም ዘር፣ ማለትም በ1.41 ገደማ ተባዛ። ይህም ኃይሉ በግማሽ መቀነሱን ያሳያል። ኦክቶበር 30 ቀን 1820 ለአካዳሚው ያቀረቡት ውጤት ይኸው ነው፦ ረጅም ቀጥ ያለ ሽቦ በመግነጢሳዊ ዋልታ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በዋልታውና በሽቦው መካከል ካለው ቀጤ ነክ ርቀት ጋር በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል፤ አቅጣጫውም ሽቦውንና ዋልታውን ለያዘው ጠለል ቀጤ ነክ ነው።

ከሙሉው ወደ ክፋዩ

ቀጣዩን እርምጃ የወሰደው ላፕላስ ነው። የሙሉው ሽቦ ውጤት ከርቀት ጋር በተገላቢጦሽ የሚሄድ ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ኢምንት ክፋይ ውጤት ከርቀቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ መሄድ እንዳለበት በስሌት አሳየ። ምክንያቱን በቃል መግለጽ ይቻላል። ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ የእያንዳንዱ ክፋይ ድርሻ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ነገር ግን በመርፌዋ ላይ ጉልህ ድርሻ የሚኖረው የሽቦው ርዝመት በእጥፍ ያድጋል። ሩብ በሁለት ሲባዛ ግማሽ ነው። በዚህ መንገድ ኤሌክትሪክና መግነጢስ ኒውተንና ኩሎም ወዳገኙት የርቀት ካሬ ደንብ ተመለሱ፤ ለላፕላስ ትምህርት ቤትም እፎይታ ሆነ።

ሆኖም ስሌቱ ያልመለሰው ጥያቄ ነበር። የአንድ ክፋይ ውጤት በርቀቱ ብቻ ሳይሆን፣ ክፋዩ ከመርፌዋ ጋር ከሚያገናኘው መስመር ጋር በሚሠራው ዘዌ ላይም ሊመረኮዝ ይችላል። ኢንቴግሬሽኑ ሲሠራ ግን የዘዌው ጥገኝነት ምንም ይሁን ምን፣ ማለቂያ የሌለው ቀጥ ያለ ሽቦ ምንጊዜም ያንኑ የተገላቢጦሽ ደንብ ይሰጣል፤ የሚለወጠው የፊት ቋሚ ቁጥር ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የመጀመሪያው ሙከራ ምንም ያህል በትክክል ቢደገም ስለ ዘዌው አንዳች አይናገርም። ሌላ ቅርጽ ያለው ሽቦ ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ ቢዮ ሽቦውን መካከሉ ላይ አጥፎ፣ የታጠፈበትን ጫፍ ወደ መርፌዋ አዞረው። ሁለቱ ክንዶች ከመርፌዋ ወደ እጥፋቱ በሚሄደው መስመር ቅጥያ ላይ ከላይና ከታች እኩል ዘዌ እየሠሩ ይርቃሉ። ዘዌው 90 ዲግሪ ሲሆን ሽቦው ቀጥ ያለ ነው፤ ዘዌው ባነሰ ቁጥር ክንዶቹ ከመርፌዋ ይሸሻሉ፤ ኃይሉም ይቀንሳል። በመጀመሪያ በታተመው ዘገባ ቢዮ ኃይሉ ከዘዌው ጋር በቀጥታ እንደሚመጣጠን ገለጸ። ስለ ክፋዩ ያቀረበው ደንብ ግን ውጤቱ ከዘዌው ሳይን ጋር ይመጣጠናል የሚል ነበር።

ሁለቱ አባባሎች አብረው ሊቆሙ አይችሉም። የሳይኑ ደንብ በክንዶቹ ርዝመት ላይ ኢንቴግሬት ሲደረግ የሚሰጠው ከዘዌው ጋር ሳይሆን ከዘዌው ግማሽ ታንጀንት ጋር የሚመጣጠን ኃይል ነው። የቀጥተኛው ሽቦ ኃይል 1 ተብሎ ቢወሰድ፣ በ45 ዲግሪ ላይ የመጀመሪያው አባባል 0.50 ሲል ታንጀንቱ 0.414 ይሰጣል፤ በ60 ዲግሪ ላይ 0.667 እና 0.577 ይሆናሉ። በ45 ዲግሪ ያለው ልዩነት ከ20 በመቶ በላይ ስለሆነ በጥንቃቄ በተሠራ ቆጠራ የሚለይ ነው። የመጀመሪያውን አባባል እንደ እውነት ወስዶ ወደ ኋላ ቢሰላ ደግሞ፣ የክፋዩ ደንብ የዘዌው ሳይን ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ዘዌው በኮሳይኑ ተባዝቶ የሚደመርበት ሌላ ቀመር ይሆናል። አምፔርና በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ጉድለቱን አልሳቱትም። ቢዮ በ1824 በወጣው የፊዚክስ መማሪያው ሦስተኛ እትም የታንጀንቱን ውጤት አስገባ። ዛሬ የቢዮና የሳቫር ሕግ የሚባለው ደንብ ከልኬቶቹ ጋር ሙሉ በሙሉ የተስማማው ከዚህ እርማት በኋላ ነው።

ክፋዩ በዘመናዊው ስሌት

በዛሬው አገላለጽ፣ ውሱን ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ክፋይ በአንድ ነጥብ ላይ የሚፈጥረው መስክ እንዲህ ይሰላል። ከነጥቡ ወደ ሽቦው መስመር ቀጤ ነክ ይወረዳል። ከነጥቡ ወደ ሁለቱ የሽቦ ጫፎች የሚሄዱት መስመሮች ከቀጤ ነኩ ጋር የሚሠሯቸው ዘዌዎች ይወሰዳሉ፤ ከቀጤ ነኩ በአንድ ወገን ያለው አዎንታዊ፣ በሌላው ወገን ያለው አሉታዊ ተብሎ የሳይኖቻቸው ልዩነት ይፈለጋል። ልዩነቱ በጅረቱ ተባዝቶ፣ በቀጤ ነኩ ርዝመት ተካፍሎ፣ በመጨረሻም በአንድ አሥር ሚሊዮንኛ ሲባዛ መስኩ በቴስላ ይገኛል፤ ጅረቱ በአምፔር፣ ርዝመቱ በሜትር ይለካል።

ለምሳሌ 20 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው ሽቦ ውስጥ 10 አምፔር ቢፈስ፣ ከሽቦው መካከል 10 ሳንቲሜትር በሚርቅ ነጥብ ላይ ሁለቱ ዘዌዎች እያንዳንዳቸው 45 ዲግሪ ይሆናሉ። የሳይኖቹ ልዩነት 1.414 ስለሆነ መስኩ 14.1 ማይክሮቴስላ ነው። ማለቂያ የሌለው ሽቦ በዚያው ርቀት 20 ማይክሮቴስላ ይሰጥ ነበር። የሽቦው ርዝመት ከርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን የሁለቱ ስሌቶች ልዩነት ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። የረጅም ሽቦን ቀመር በቤተ ሙከራ የሚጠቀም ሰው ልኬቱ ምን ያህል እንደሚያምን የሚወስነው ይህ ንጽጽር ነው።

ይሁንና 14.1 ማይክሮቴስላ የሚለው ቁጥር ብቻውን በመለኪያ የሚረጋገጥ አይደለም። ያ ክፋይ የካሬ ጥምዝ አንድ ጎን ቢሆን፣ በካሬው መካከል የሚለካው የአራቱ ጎኖች ድምር 56.6 ማይክሮቴስላ ነው። በአንድ ክፋይ ቀመር ላይ፣ በተዘጋ ዑደት ሲደመር ዜሮ የሚሆን ማንኛውም ተጨማሪ ቢታከልበት የሚለካው ውጤት አይለወጥም። በአምፔርና በቢዮ መካከል የነበረው ክርክር ሥሩ ከዚህ ላይ ነው። አምፔር በሁለት የጅረት ክፋዮች መካከል ያለው ኃይል በሚያገናኛቸው መስመር ላይ የሚሠራ ነው አለ፤ በ1826 ባወጣው ታላቅ ሥራውም ይህን አጸና። ከቢዮ ደንብ ተነሥቶ የሚገኘውንና ኸርማን ግራስማን በ1845 የቀረጸውን የኃይል ቀመር ብንወስድ ደግሞ፣ በሁለት ክፋዮች መካከል ያለው ተግባርና አጸፋ እኩል ላይሆን ይችላል። ዑደቶቹ ሲዘጉ ግን ሁለቱ መንገዶች ለሙሉው ኃይል አንድ መልስ ይሰጣሉ።

በነገሩ ትርጓሜ ቢዮ ተረትቷል። ጅረት የሽቦውን ቅንጣቶች ለጊዜው መግነጢስ ያደርጋቸዋል ብሎ ያምን ነበር፤ መግነጢስ የሚባለው ራሱ ጅረት ነው ያለው የአምፔር አመለካከት ግን ለኋለኛው ዘመን ፊዚክስ ይበልጥ ቀረበ። ትርጓሜው ወድቆ ቀመሩ ጸንቶ መቅረቱ ሥራው የተመሠረተው በጥንቃቄ በተቆጠረ ውዝዋዜ ላይ በመሆኑ ነው። ለስሌቱ ወሳኙን እርምጃ የወሰደው የላፕላስ ስም ግን በአብዛኛው ዓለም ከሕጉ መጠሪያ ቀርቷል። በወጣትነቱ የላፕላስን ባለውለታነት ለተቀበለው ቢዮ፣ ይህ ዳግመኛ የማይመለስ ብድር ሆኖ ይታያል።

የኋለኛው ዘመን

የቢዮ ቀሪ ዕድሜ በሽንፈትም በክብርም የታጀበ ነበር። ብርሃን ቅንጣት ነው የሚለውን አቋሙን የኦጉስተን ፍሬኔል የሞገድ ንድፈ ሐሳብ ገፋው፤ የቀድሞ የጉዞ ባልደረባው አራጎም ተቃዋሚው ሆነ። በ1822 ለአካዳሚው ቋሚ ጸሐፊነት ተወዳድሮ በዦዜፍ ፉሪዬ ተበለጠ። ለፖላራይዜሽን ጥናቱ ግን የለንደን ሮያል ሶሳይቲ በ1840 የራምፎርድን ሜዳልያ ሸለመው። ሳቫር በ1841 ከእርሱ ቀድሞ አረፈ።

በ1848 ወጣቱ ሉዊ ፓስተር የታርታሪክ አሲድ ጨው ክሪስታሎች በሁለት ተቃራኒ ቅርጾች እንደሚገኙና ብርሃንንም በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚያዞሩ ሲገልጽ፣ የ74 ዓመቱ ቢዮ በወሬ አላመነም። ቁሳቁሱን ራሱ አዘጋጅቶ ፓስተር ሙከራውን በፊቱ እንዲደግም አደረገ፤ የተለዩትንም ክሪስታሎች በራሱ እጅ አሟሙቶ ለካ። ውጤቱ ሲረጋገጥ ወጣቱን እንደ ልጁ ተቀብሎ ደጋፊው ሆነ። የቻይና ቋንቋና ታሪክ ሊቅ የነበረው ልጁ ኤድዋር በ1850 ሲሞት፣ አባት ልጁ ሳይጨርሰው የቀረውን የጥንታዊ ቻይና ሥርዓተ መንግሥት መጽሐፍ ትርጉም ለኅትመት አበቃ። ቢዮ በ1856 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆነ፤ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1862 በፓሪስ ዐረፈ።

ማጠቃለያ

በቢዮ ሥራ ውስጥ የሽቦ ክፋይ ሕግ በሦስት እርከን ተገኝቷል፦ በረጅም ሽቦ አጠገብ በተደረገ ቆጠራ፣ ከሙሉው ወደ ክፋዩ በወረደ ስሌትና ስለ ዘዌው በተሠራ ሁለተኛ ሙከራ። ከሦስቱ የሳተው የመጨረሻው ነው፤ ስሕተቱን ያጋለጠውም የክፋዩ ደንብ ተመልሶ ወደ ሙሉው ሽቦ ሲደመር ከተነገረው ልኬት ጋር አለመግጠሙ ነው። የማይታይን ክፋይ የሚገልጽ ሕግ የሚፈተነው በዚህ መንገድ ብቻ ነው፦ ተደምሮ በሚለካው ላይ። በ1820 ያልተጣጣሙት ሁለት አረፍተ ነገሮች በ1824 የተጣጣሙት፣ ቢዮ የቀድሞ ቃሉን ትቶ ድምሩን ስለ ተቀበለ ነው።